ከበረካ በኋላ ምን ይቀዳል?

ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ለምን ይሰለቻል? አያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚያዩበት ቤትስ ምን ቢያደርግ ይሻላል?

የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይ ጠለቅ ስትል ሰው ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤቱ ይገባል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አንኮበር ሲደርሱ ደግሞ ጉሙ ይጨመርበታል። በእንዲህ ያለ አገር ማታ የቤት ነው፤ የቤት ማታ ደግሞ ዛሬ ዛሬ የቴሌቪዥን ሆኗል። አያት፣ ወላጅና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል አንድ ላይ የሚቀመጡበት ሰዓት የድራማ ሰዓት ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ድራማው ሲጀመር ሁሉም ይወደዋል። እራት በጊዜ ይቀርባል፣ ልጆች የቤት ሥራቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፣ በማግስቱም ወሬው እሱ ይሆናል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ዓይኑን ወደ ስልኩ ይመልሳል፤ አባት ሶፋው ላይ ያንቀላፋል፤ እናት በመሃል ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤት ትሄዳለች። እስከ መጨረሻው የሚጸኑት አያት ብቻ ይሆናሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ «ይኼ ነገር አያልቅም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከድራማው አልፎ ወደ ቤታችን የሚመጣ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የዚህን ነገር ምሥጢር ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለም። አቦሉ ወፍራም ነው። ቶናው ቀለል ይላል። በረካው ቀጠን ቢልም ምርቃት ስላለበት ይጠጣል። አራተኛ ጊዜ ውሃ ጨምሮ የሚቀዳ ግን የለም፤ አተላው ያው አተላ ነው፤ ውሃ ቢጨመርበት ቡና አይሆንም። ያም ሆኖ በረካ ላይ ስለሚቆም ቡናን የሰለቸው ሰው የለም። በማግስቱ አዲስ ቡና ይቆላል።

አንድ የድራማ ሐሳብም እንዲሁ የተወሰነ ጉልበት አለው። ባለታሪኮቹ የሚፈልጉት ነገር አለ፣ የሚከለክላቸው ነገር አለ፣ መጨረሻ ላይ ወይ ያገኙታል ወይ ያጡታል። ደራሲው ይህን ጨርሶ ሳለ «ቀጥል» ሲባል የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። የሞተውን ያስነሣል፣ የተደበቀ ልጅ ያመጣል፣ አንዱን አእምሮውን ያስታል፣ ሌላውን ሆስፒታል ያስተኛል። ያም ሲያልቅ መኪና ሲነዳ፣ በር ሲከፈት፣ ሰው ለሰው ሲተያይ ከሙዚቃ ጋር ያሳየናል። ይህ ሁሉ አራተኛ ውሃ ነው።

ድሮ ያልሰለቸን ለምን ነበር?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አገሩ የነበረው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። ያኔ የልጆች ክፍለ ጊዜ ሲባል የሚታወሱት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ ያዘኑት የትናንት ልጆች ዛሬ ራሳቸው አያት የሆኑ ናቸው። 40 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ዝግጅት፤ ግን ማን ሰለቻቸው? ተረቱ በዚያው ዕለት ተጀምሮ በዚያው ዕለት ያልቅ ነበር። ቀጣዩ እስኪመጣም ይናፈቅ ነበር።

በሬዲዮ በኩልም «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለውን ዝግጅት የሚያስታውሱ አያቶች ብዙ ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ሰው ሬዲዮኑን ከቦ ይቀመጥ ነበር። ያም ተከታታይ ነበር፤ በክፍል በክፍል ነበር የሚመጣው። ልዩነቱ ትረካው ሲጀመር መጨረሻው ተጽፎ ያለቀ መሆኑ ነው። ደራሲው የሚነግረውን ጨርሶ ብዕሩን አስቀምጧል፤ ተራኪው ከዚያ አልፎ አይሄድም። ሰው አልቅሶ ከጨረሰ በኋላም ደግሞ ለመስማት ይፈልጋል እንጂ «በቃኝ» አይልም።

ከዚያ «ገመና» መጣ፤ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበት «ሰው ለሰው» መጣ። በየሳምንቱ እየጠበቁ ማየት የቤተሰብ ልማድ ሆነ። ቀጥሎ የሳተላይት ጣቢያዎች በዙ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር፣ በሳምንት አንድ ቀን ይጠበቅ የነበረው ነገር ማታ ማታ የሚመጣ ሆነ። አሁን ደግሞ ስልክ ላይ አንዱ ክፍል ሳያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል።

የቱርክ ድራማዎች ርዝመት ብዙ ጊዜ ያነጋግራል። ምክንያቱ እዚያው አገራቸው ነው። በቱርክ ቴሌቪዥን አንድ ሳምንታዊ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ርዝመቱ ለማስታወቂያ ይመቻል። በየሳምንቱ የአንድ ፊልም ያህል መቅረጽ ማለት ነው። ያን ሰዓት ለመሙላት ረጅም ዝምታ፣ ረጅም መተያየት፣ ረጅም ሙዚቃ ይገባበታል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ደግሞ አንዱ ክፍል ለሁለት ለሦስት ይቆረጣል። እኛ ቤት «ዛሬ ምንም አልሆነም እኮ!» የሚባለው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

18 ዓመት ያላረፈው መርከብ

አንድ ተወዳጅ ሥራ እንዴት እንደሚደክም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመዝግቦ የሚገኘው ግን በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለም ነው። የልጅ ልጆቻችሁ ስለ ጠፈር መርከብ፣ ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን የሚያሳዩ ተከታታይ ፊልሞችን የሚወዱ ከሆነ «ስታር ትሬክ» የሚለው ስም ለጆሯችሁ እንግዳ አይሆንም። በአሜሪካ በእነዚህ ፊልሞች ዘንድ ትልቁ አያት እሱ ነው።

«ስታር ትሬክ» መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1966 ነው። ፈጣሪው ጂን ሮደንበሪ ይባላል። አንዲት መርከብ ከየአገሩ የተውጣጡ ሰዎችን ይዛ በከዋክብት መካከል ትጓዛለች፤ በየሳምንቱ አዲስ ዓለም፣ አዲስ ጥያቄ ይገጥማታል። ጣቢያው ሊያቆመው ሲል ተመልካቾች በብዛት ደብዳቤ ጽፈው ተከራከሩለት፤ ሦስተኛ ዓመት ተሰጠው። ነገር ግን ገንዘቡ ተቀነሰ፣ ሰዓቱም አርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተደረገ። በ1969፣ 79 ክፍል ላይ ቆመ።

የሚገርመው የተወደደው ከቆመ በኋላ መሆኑ ነው። እነዚያው 79 ክፍሎች በየከተማው ጣቢያ ደጋግመው ታዩ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያዩታል፤ እያደጉ ሌላ ይጠይቃሉ። 10 ዓመት ከተጠበቀ በኋላ በ1979 የሲኒማ ፊልም ሆነ። በ1987 በአዲስ መርከብና በአዲስ ባለታሪኮች ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ይህ ሁለተኛው ተከታታይ 7 ዓመት ቆይቶ በ178 ክፍሎች፣ ተመልካች ገና በዙሪያው ሳለ፣ በ1994 ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ ቢታረፍ መልካም ነበር። ግን ገበያው ሞቆ ነበር። ሁለተኛው ሳያልቅ በ1993 ሦስተኛው ተጀመረ። በ1995 አራተኛው ተጨመረ። ለዓመታት ሁለት ተከታታይ ጎን ለጎን ይታዩ ነበር፤ በመሃል የሲኒማ ፊልሙም አለ። በ2001 አምስተኛው መጣ። ከ1987 እስከ 2005 ድረስ 18 ዓመት ሙሉ አዲስ ክፍል ያልታየበት ዓመት አልነበረም። በ1987 የተወለደ ሕፃን ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከ600 በላይ አዳዲስ ክፍሎች ተሠርተው ነበር። በአብዛኛው ደግሞ ሥራው በአንድ ፕሮዲውሰር፣ በሪክ በርማን፣ እጅ ነበር፤ ደራሲያኑም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ ነበሩ።

ድካሙ በአንድ ቀን አልመጣም። አራተኛውን ተከታታይ እንይ። መርከቧ ከአገሯ 70 ሺሕ የብርሃን ዓመት ርቃ ጠፋች፤ ለመመለስ 75 ዓመት ያስፈልጋታል። ጠላት የነበሩ ሁለት ወገኖችም በአንድ መርከብ ላይ ለመኖር ተገደዱ። እንዴት ያለ መነሻ ነው! ስደትን ለሚያውቅ ሰው ልብ የሚነካ ነው። ግን መርከቧ ዛሬ ተመትታ ብትሰባበር በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ ታብረቀርቃለች። የሁለቱ ወገኖች ጠብም ብዙ ሳይቆይ ተረሳ። የሆነው ሁሉ ምንም ምልክት ሳይተው ያልፋል። ተመልካች ይህን ሲያይ «ምንም ቢሆን ምንም አይሆኑም» ብሎ መስጋት ያቆማል። ስጋት ከሌለ ደግሞ ነገ ምን ይሆን ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ደራሲውም እንደ ተመልካቹ ይደክማል። ሮናልድ ሙር የሚባለው ጸሐፊ በ1989 ወደዚህ ሥራ የገባው ከውጭ ሆኖ የላከው ድርሰት ተቀባይነት አግኝቶ ነው፤ ያኔ ቤቱ ለአዲስ ሰው በሩን ክፍት አድርጎ ነበር። 10 ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1999 ወደ አራተኛው ተከታታይ ቢዛወርም ብዙ ሳይቆይ ለቅቆ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለውን አሮጌ የጠፈር ታሪክ በአዲስ መልክ ሠራው። በዚያ ታሪክ የተጎዳ ተጎድቶ ይቀራል፣ ያለቀ ነዳጅ ያለቀ ነው፣ የሞተ ይቆጠራል። ብዙ ተወደሰ፤ በ2009ም ሠሪዎቹ ራሳቸው «እዚህ ላይ ይበቃል» ብለው ጨረሱት። ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

«ስታር ትሬክ» ግን ወደ ታች ወረደ። የ2001ዱ ተከታታይ የመጀመሪያ ምሽቱን ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶት ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ቀረ። በ2002 የወጣው አሥረኛው የሲኒማ ፊልም ገበያ ላይ ወደቀ። አሳዛኙ ነገር በመጨረሻው ዓመት ሥራው መሻሻሉ ነው። አዲስ መሪ ደራሲ መጥቶ ነፍስ ሊዘራበት ጀምሮ ነበር፤ ግን ሰዉ ተነሥቶ ሄዷል፤ ለማየት የቀረ አልነበረም። የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ደግሞ የራሱን ባለታሪኮች ወደ ጎን ትቶ የድሮውን ተከታታይ ሰዎች መሃል ላይ አመጣ። ለአራት ዓመት አብረዋቸው ለኖሩ ተመልካቾች መሰነባበቻው የሌላ ሰው ሠርግ ሆነባቸው።

ተመልካቹ ከዳ? ሰው ልቡ ተለዋዋጭ ስለሆነ ነው? ነገሩ እንዲያ አይመስልም። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ በ2009 አዲስ የሲኒማ ፊልም ሲወጣ ያው ሰው በብዛት ተመለሰ። ፍቅሩ አልሞተም ነበር፤ የደከመው እንግዳው ሳይሄድ ስለቆየ ነው። የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1963 ተጀምሮ 26 ዓመት ከሄደ በኋላ ተዳክሞ በ1989 ቆመ። በመሃል አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቻ ሲወጣ፣ 16 ዓመት ተጠብቆ በ2005 ሲመለስ አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አዩት። የዲዝኒ ኃላፊ ቦብ አይገርም በ2018 «ስታር ዋርስ» ፊልሞችን አብዝተውና አፍጥነው ማውጣታቸው ስሕተት እንደነበር ተናግረው ጥፋቱን ራሳቸው ወስደዋል።

ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው?

ታሪክ የሚደክመው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መጨረሻው ሳይታወቅ ሲጀመር። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያና ስፖንሰር እስካለ ድረስ ማቆም ኪሳራ ሲመስል። ሦስተኛ፣ ሠሪዎቹ ሳያርፉ፣ አዲስ ሰውም ሳይገባ ሲቀር። ሦስቱም በጠፈር መርከብ ላይም ሆነ በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ በሚቀረጽ ድራማ ላይ እኩል ይሠራሉ። አገራችን ውስጥ በውስን ምዕራፎች ከፍሎ ሠርቶ የመጨረስ ልማድ እየመጣ መሆኑ ደስ ያሰኛል። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን በዚህ መልክ ቀርቦ የብዙ ቤተሰብ ማታ ሆኖ ነበር። ሳይጠገብ የሚነሣ እንግዳ ይናፈቃል።

ወላጅና አያት ደግሞ ድራማውን ማሳጠር ባይችሉም ማታውን ማዳን ይችላሉ።

አንድ ብቻ ምረጡ። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ አብሮ የሚከታተለው አንድ ተከታታይ ይሁን። ሦስትና አራት ሲሆን የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ይቀላቀላል፤ የሚናፈቅም አይኖርም።

ስልክ ላይ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ። አብዛኛዎቹ መተግበሪያዎች ይህን ማጥፊያ አላቸው፤ ማግኘት ካቃታችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ያውቁታል። «ቀጣዩ ነገ ነው» መባልን መልመድ ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሰለቸውን ልጅ አትቆጡ። ልጅ «ሰለቸኝ» ሲል ሁልጊዜ ቅብጠት አይደለም፤ አንዳንዴ ትክክለኛ ፍርድ ነው። «ምኑ ሰለቸህ? ካለፈው ወር ወዲህ ማን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንም ካልተለወጠ ልጁ እውነቱን ነው። እንዲህ እየተጠየቀ ያደገ ልጅ መጽሐፍም ሲያነብ፣ ወሬም ሲሰማ ፍሬውን ከገለባው ይለያል።

አያትን አትቀልዱባቸው። ከሁሉም በላይ ይህ ይታሰብበት። ልጆቻቸው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ የሄዱባቸው፣ ማታውን ብቻቸውን የሚያሳልፉ እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነሱ የድራማው ሰዎች ማታ ማታ የሚመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ታሪኩ እንደ ቀጠነ እነሱም ያውቃሉ፤ የሚያዩት ቤቱ ዝም እንዳይልባቸው ነው። ስለዚህ «እማዬ፣ አሁንም ይህን ያያሉ እንዴ?» ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ድራማውን ከማጥፋት በፊት ቦታውን የሚሞላ ሰው መቀመጥ አለበት። አጠገባቸው ሆኖ «እስኪ እኔ የቀረብኝን ይንገሩኝ» ማለት ለእሳቸው ከየትኛውም ክፍል ይበልጣል።

መጨረሻውን ራሳችሁ ጨርሱት። አንድ ድራማ ማለቅ ካቃተው ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተራ በተራ መጨረሻውን ተናገሩ። ልጁ አንድ ያመጣል፣ አያት ሌላ ያመጣሉ። የማን እንደሚሻል ተከራከሩ። ተረት አውሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ብሎ ዳቦውን የሚጠይቅበት ወግ ያለን ሕዝብ ነን፤ መጨረስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የደብረ ብርሃን ልጆች ደግሞ ሊጀምሩበት የሚችሉት የጠፈር ታሪክ በደጃቸው አለ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይነገራል። ንጉሡ እንደ ተአምር አይተውት በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይህ ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይመለሳል። በቅርብ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ነበር፤ ዛሬ አያት የሆኑ ሰዎች ያኔ ወጣቶች ነበሩ። ቀጥሎ የሚመጣው በ2053 ዓ.ም. ነው፤ አሁን ምንጣፍ ላይ የሚጫወቱት የልጅ ልጆች ያኔ ጎልማሶች ሆነው ያዩታል።

ይህን ለመንገር ሩብ ሰዓት ይበቃል። ተጀምሮ ያልቃል፤ ደግሞም ይጠበቃል። ነገ ማታ ሪሞቱ ከመነሣቱ በፊት ቢሞከር ቡናው አቦል ላይ እያለ ይደርሳል።